«ሁለተኛ አይለምደኝም» ስንት ጊዜ ይባላል?

ጥያቄው፣ አሳጥሬው፦

«የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። 34 ዓመቴ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 9 ዓመቷ፣ ወንዱ 6 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመት ጠጪ ነበር። ታክሞ፣ ምክር አግኝቶ ካቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። እኔ አልጠጣም። ጫትም ወዳጃ ላይ፣ ለዱዓ ስንሰበሰብ ካልሆነ፣ አልነካም። የኔ ችግር ጩኸት ነው። ጠዋት ጠዋት ሴቷ ልጄ ላይ እጮሃለሁ። ጫማዋን ስታጣ፣ ቁርሷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ‹ድንጋይ ራስ› እላታለሁ። ማታ ተኝታ ሳያት አለቅሳለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም ብዬ እምላለሁ። ጠዋት ያው ነው። ለወንድሜ ብነግረው ‹ይሄማ የኔው በሽታ ነው› ብሎ ሳቀ። እውነት እኔም ሱሰኛ ነኝ? እሱን ያዳነው ዘዴ ለኔስ ይሠራል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ሱሰኛ አይደለሽም። ወንድምሽ የሳቀው ግን ዝም ብሎ አይደለም። አንድ የሚያውቀውን ነገር አይቶብሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስቆመኝ ጩኸቱ አይደለም፤ መሐላው ነው። ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን ሳማክር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወረድ ብሎ ከሚሴም ሠርቻለሁ። ከፊቴ ከተቀመጡት ውስጥ ያልማለ ሰው አላስታውስም። በቁርአን የማለ አለ። ታቦት ጠርቶ የማለ አለ። በእናቱ መቃብር፣ በልጁ ስም የማለ አለ። ውሸታቸውን ደግሞ አይደለም። ማታ የሚምለው ሰውዬ ከልቡ ነው። ችግሩ ጠዋት የሚነሳው ሌላ ሰውዬ መሆኑ ነው። ማታ የማለው ራቱን በልቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሎለታል፣ ጸጸቱም ትኩስ ነው። ጠዋት የሚነሳው ርቦታል፣ ቸኩሏል፣ ማታ የተባለውን የሰማም አይመስል።

ስለዚህ አጭሩ መልሴ፦ አዎ፣ ይሠራል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ከወንድምሽ መንገድ በቅድሚያ የምትወስጂው ትልቁን መሐላ ትቶ ትንሿን ሰዓት መጠበቅን ነው።

ዘዴው ከየት እንደመጣ ትንሽ ልንገርሽ፤ ላንቺ ለምን እንደሚሆን ከታሪኩ ይገባሻል። በ1935 እ.ኤ.አ. አንድ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክሮን ሄደ። አክሮን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ያለች ከተማ ናት። ሰውየው መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበር። ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ባሩ እዚያው ነው፤ የሰዉ ሳቅ ይሰማዋል። ያን ሰዓት አልማለም። ስልክ አንስቶ አብያተ ክርስቲያናት ጋ እየደወለ፣ የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፈለገ። አንድ ቀዶ ሐኪም አገናኙት፤ እሱም ጠጪ ነው። ከሁለቱ ወሬ ነው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚባለው ማኅበር የተወለደው። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ዛሬ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይቆጠራል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ ማኅበሩ ከመጠጥ የሚላቀቅባቸው አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ታትመው ወጡ።

አሁን ልብ በዪ። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ መጠጥን ወይም ጠጪን በስም የሚያነሱት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ናቸው። የመሃሎቹ አሥሩ ስለ ብርጭቆ አያወሩም። ራስን ስለ መመርመር፣ ጥፋትን ለሌላ ሰው ስለ መናገር፣ የበደሉትን ስለ መካስ፣ በየቀኑ ሒሳብ ስለ መሥራት ነው የሚያወሩት። ይሄ ደግሞ ለጠጪ ብቻ የተሰጠ አይደለም። እዚህ አገር ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

«ታዲያ ቁርጠኝነት ዋጋ የለውም?» ትዪኝ ይሆናል። አለው። ግን ዙሪያሽን ተመልከቺ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ መጠጥ የማይቀምስ ጠጪ አውቃለሁ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሲጋራ የማይነካ፣ በሌላው ወር ግን ሁለት ሰዓት መታገስ የሚያቅተው አጫሽም አውቃለሁ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። በጾም ጋባዥ የለም። የሚበላበት ሰዓት የታወቀ ነው። ጎረቤቱም አብሮት ይጾማል። ማለዳ ተነስቶ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ጉዳዩ አስቀድሞ አልቋል። ፋሲካ ወይ ዒድ ሲደርስ አጥሩ ይፈርሳል፤ ብዙው ሰውም ወደነበረበት ይመለሳል። እንግዲህ ሰውየውን ይዞት የቆየው ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን አጥሩም ነበር። አንቺ ጠዋትሽን ያለ አጥር ትተሽ በጉልበት ልትይዢው ነው የምትሞክሪው።

እስቲ ጠዋትሽን ልገምት። ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ የሚያመጣው ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። አንቺ አንድ እጅሽ ሻይ ላይ ነው። ትንሹ ካልሲውን በግልባጭ አድርጎ «እማ፣ እማ» ይላል። ስልክሽ ይጮሃል፤ ዘይት ያመጣልሽ ጅምላ ሻጭ ነው፤ ለምን እንደደወለ ታውቂያለሽ፤ አታነሺውም። የልጅቷ አንድ እግር ጫማ አልጋ ሥር ገብቷል። እሷ ደግሞ ዳቦዋን ይዛ መስኮቱን እያየች ተቀምጣለች። ቁርስ አልበላሽም። አራት ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ነው አንድ ነገር የምትቀምሺው። «ጫማሽ የት አለ?» ስትዪ ድምፅሽ ገና ደህና ነው። ሁለተኛው «የት አለ?» ላይ ጥርስሽ ገጠመ። ሦስተኛው ላይ «ድንጋይ ራስ» ወጣ።

ጫማው የጠፋው ሦስት ደቂቃ ነው። ጩኸቱ ግን የተጀመረው ማታ፣ የዱቤ ደብተሩን ስትዘጊ ነው።

በኛ ሙያ ሱስ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቀላል መፈተሻ አላቸው። ሀራራው ሲመጣ አራት ነገር ይጠይቃሉ፤ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቸኝነት ይዞኛል? ደክሞኛል? እነዚህ ካሉ ያ ሰዓት አደገኛ ነው ይባላል። አንቺ ጠዋት ላይ አራቱንም ይዘሽ ነው የምትነሺው። ባልሽ መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ልጅና አንድ ሱቅ ለብቻሽ ናቸው፤ ይሄ ብቸኝነት ካልሆነ ምን ይባላል?

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። አለን ማርላት የሚባል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ሱስ አቁመው የወደቁ ሰዎችን «የወደቅህባት ሰዓት ምን ነበረች?» እያለ 311 አወዳደቆችን መረመረ። 35 ከመቶው ከመጥፎ ስሜት የመጣ ነበር፤ ንዴት፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ መሰላቸት። 16 ከመቶው ከሰው ጋር ከመጋጨት። 20 ከመቶው ከሰው ግፊት፣ «አንዴ ብቻ ቅመስ» ከሚለው። ሦስቱ ብቻቸውን ሲደመሩ 71 ከመቶ ይሆናሉ። ሰው የሚወድቀው እንዲሁ በደመ ነፍስ ሳይሆን፣ ሊታወቅ በሚችል ሰዓትና ስሜት ላይ ነው። የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። ጫቱን ይቅማል፣ ከዚያ ለጨብሲ ይጠጣል፣ ከዚያ ይምላል። «የት ነው የምትወድቀው?» ስለው «የትም» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ቁጭ ብለን ስንቆጥረው ግን ሚሌ ላይ አይጠጣም፤ ባቲ ላይም አይጠጣም። ሁሌ ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው። ደሴ ለመግባት የቀረው ሀረጎን መውጣት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ይቆማል። ለምን? ቤት ሲገባ ሚስቱ ስለ ዕዳ እንደምትጠይቀው ስለሚያውቅ ነው። የሚሸሸው ጥያቄዋን ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ ለሌላው ሰው ይገርመው ይሆናል። ኮምቦልቻ ሳይደርስ ሚስቱ ጋ ይደውላል፣ የያዘውን ብርና የጎደለውን እዚያው ይነግራታል። ጭቅጭቁ በስልክ ያልቃል። ሀረጎን ሲወጣ የሚፈራው ነገር አይኖርም። ሦስት ጊዜ ወድቋል ከዚያ በኋላም፤ አልዋሽሽም። ግን እንደ ድሮው በየጉዞው አይደለም።

ያንቺ ኮምቦልቻ ዳቦ ከሚመጣበት እስከ ትምህርት ቤት በር ያለችው አንድ ሰዓት ናት። ቀኑን ሙሉ «ጥሩ እናት እሆናለሁ» አትበዪ። ያቺን ሰዓት ብቻ አጥሪያት። ጫማና ቦርሳ ማታ በር ሥር ይቀመጡ፤ ልጅቷ ራሷ ታስቀምጥ። ዳቦ የሚያመጣውን ልጅ፣ እሺ ካለሽ፣ ሃያ ደቂቃ አዘግዪው ወይም ሳንቃው ላይ አስቀምጦ ይሂድ። ስልኩን እስከ ሁለት ሰዓት ድምፁን አጥፊው፤ ጅምላ ሻጩ በሁለት ሰዓት ቢደውል ዘይቱ አይደፋም። ከሁሉ በላይ ግን አንቺ ከልጆቹ በፊት አንድ ነገር ቅመሺ። ግማሽ ዳቦም ቢሆን። ይሄን ስነግራቸው እናቶች ሁሉ ይስቁብኛል። አንዷ እንደውም «ይሄን ለመስማት ነው ካርድ ያወጣሁት?» ብላኛለች። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ንዴቱ ይመጣል። ያኔስ?

ሱስ ያለበት ሰው ሀራራ ሲነሳበት እስኪያሟላው ድረስ እየጨመረ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ካልመገቡት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል። ማርላት ይሄን ሲያስረዳ በባሕር ማዕበል ነበር የሚመስለው፤ እሱ ባሕር አጠገብ የኖረ ሰው ነበር። ለኛ ደራሽ ውሃ ይቀርበናል። ክረምት ላይ ላይኛው አገር ዘንቦ ቦርከና ሲሞላ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ያን ጊዜ አዋቂ ሰው ከውሃው ጋር አይጋፋም፤ ወደ ቤቱም አይመለስም። ዳር ላይ ከብቶቹን ይዞ ቁጭ ይላል። ይጎድላል። ያኔ ይሻገራል። የሞተው ሁሌ የቸኮለው ነው።

ንዴትም ካልቆሰቆሱት እንደ ሀራራው ይበርዳል። ያንቺን ምልክት እወቂ፤ መንጋጋሽ ይሁን፣ አንገትሽ ይሁን፣ ሁለተኛው «የት አለ?» ይሁን። ሲመጣ ልጅቷን ለቀቅ አድርጊና በር ላይ ውጪ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጪ። ጦሳን እይ፤ ደሴ ላይ ተራራ የማይታይበት በር የለም። ተመልሰሽ ስትገቢ ጫማው አሁንም ጠፍቶ ይሆናል። እንግዲህ በሌላ ጫማ ትሂድ! አንድ ቀን በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ ምንም አትሆንም። ስትሰደብ ያደገች ልጅ ግን ስድቡን ሸምድዳ ትይዘዋለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሐሙስ ቀን ትጮሂያለሽ። ሐሙስ ባይሆን ሰኞ። እርግጠኛ ነኝ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ማርላትና ጓደኞቹ መንሸራተትንና መውደቅን ለያይተው ነው የሚያዩት። አንድ ብርጭቆ መጠጣት መንሸራተት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ለራሱ የሚለው ነገር ነው ወይ የሚያነሳው ወይ የሚጥለው። «ያው እኔ የማልረባ ነኝ፤ አንዴ ተበላሽቷል» ካለ ጠርሙሱን ይጨርሳል። ለዚህ እነሱ ረጅም ስም አውጥተውለታል። እኛ ከጥንት ጀምሮ ስሙን እናውቃለን፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ»። ጾሙን በስህተት የገደፈ ሰው «አንዴ ገድፌያለሁ» ብሎ እስከ ማታ ሲበላ አላየሽም? አንቺም ጠዋት አንዴ ከጮህሽ በኋላ ቀኑን ሙሉ ድምፅሽ እንደዚያው የሚውልበት ቀን አለ አይደል? «ዛሬማ ተበላሽቷል» ስለምትዪ ነው። ቀኑ አልተበላሸም። የተበላሹት ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። «ዛሬን ብቻ» የሚለው የነወንድምሽ አባባልም ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሲከፋ ደግሞ «ይህችን ሰዓት ብቻ» ይሆናል።

ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ሲጋራ የሚያቆሙ ሰዎችን አጥንተው የለውጥ ደረጃዎችን አስቀምጠዋል፤ ገና ካለማሰብ፣ ማሰብ፣ ማድረግ፣ ይዞ መቆየት። ዋናው ቁም ነገር ሰው በደረጃዎቹ ላይ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ወጥቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ካቆሙት አብዛኞቹ አንዴ ሞክረው አልነበረም ያቆሙት።

ስለዚህ መሐላውን ተይና ደብተር ያዢ። በአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች አራተኛው ራስን ሳይፈሩ መመርመር ነው፤ አሥረኛው ይሄንኑ በየዕለቱ መቀጠል። አንቺ ባለ ሱቅ ስለሆንሽ ይሄ ላንቺ አዲስ አይደለም። ዱቤ ስትጽፊ «እገሌ ሌባ ነው» ብለሽ አትጽፊም። «ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ማክሰኞ» ነው የምትዪው። ራስሽንም እንደዚያው ጻፊ። «መጥፎ እናት ነኝ» አይጻፍ። «ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ቁርስ አልበላሁም፣ ስልክ ደውሎ ነበር፣ ‹ድንጋይ› አልኳት» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ሳምንት ስትጽፊ የራስሽን ኮምቦልቻ ታገኚዋለሽ። ምናልባት እኔ የገመትኩት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ባልሽ መጥቶ በሄደ ማግስት ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቀውም፤ ደብተሩ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ሰው ያስፈልግሻል። አንድ ሰው። ያ ደላላ አክሮን ላይ የፈለገው ዓይነት። እዚህ ላይ የኛ ቡና ይረዳሽ ይሆን ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ሆድ ያስከፍታል፤ ወሎ ላይ ደግሞ ቡናና ዱዓ አይለያዩም። ግን አንድ ችግር አለው። ቡና ላይ «ልጄ ላይ እጮሃለሁ» ብትዪ ሁሉም «ኧረ ማን የማይጮህ አለ!» ይልሻል። ያጽናኑሽ መስሏቸው ነው። ደግሞም ወሬው ማታውኑ ሸዋ በርን ይዞራል። የጠጪዎቹ ማኅበር አባላቱን በሙሉ ስም የማይጠራው በከንቱ አይደለም። አንቺ የሚያስፈልግሽ የማያቃልልብሽም የማያወግዝሽም፣ ምሥጢርሽን የሚይዝ አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አለሽ፤ ወንድምሽ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ይደውልልሽ። «ዛሬ እንዴት ዋለች?» ብቻ ይበል። አንቺም እውነቱን ንገሪው። ጥቅሙ ላንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሌላውን መርዳት ራሱን ያቆመው ሰው መቆያ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ደረጃ የሚለውም ይሄንኑ ነው።

ልጅቷስ?

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ደረጃ የበደሉትን መዘርዘርና መካስ ነው፤ መካሱ ራሱ ያን ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር። ይቅርታና ካሳ አንድ አይደሉም። የኛ ሽማግሌዎች ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አባጋሮች ሲያስታርቁ «አፉ በለኝ» ብሎ ጉልበት ስሞ መነሳት ብቻ አይበቃም፤ የጎደለው ተቆጥሮ ይመለሳል። አንቺ እስካሁን የምታደርጊው ይቅርታውን ነው፤ ያውም ተኝታ ሳለች፣ ሳትሰማሽ።

ስትነቃ ንገሪያት። አጭር ይሁን። «ትናንት ጠዋት ድንጋይ ራስ ብዬሻለሁ። ልክ አልነበርኩም። አንቺ ድንጋይ ራስ አይደለሽም። ስናደድ በር ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ።» በቃ። «አንቺም ግን ጫማሽን…» የሚለውን ዋጪው። እሱ ከመጣ የቀደመውን ሁሉ ያጠፋዋል። ፊቷ አታልቅሺ፤ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ እናቷን ማባበል የሷ ሥራ አይደለም። ከሱቁ ብስኩት አንስተሽም አትስጫት። ይሄን የምልሽ ባለ ሱቆችን ስለማውቅ ነው፤ እጃችሁ ቶሎ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ከጩኸት በኋላ ብስኩት የለመደች ልጅ ጩኸቱንና ብስኩቱን አንድ ላይ ታስራቸዋለች። ካሳው ጊዜ ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ አሥር ደቂቃ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ደብተር። እሷ የምትፈልገውን ታውራ። ምንም ባታወራም ተቀመጪ።

የማይሠራውንም ልንገርሽ፤ ወንድምሽ ያገኘውን ሁሉ እንዳትገለብጪው።

የመጀመሪያው ደረጃ «በመጠጥ ላይ አቅም የለንም» ብሎ ማመን ነው። ለጠጪ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከጠርሙሱ ጋር መታገሉን ያቆማል። አንቺ ግን «ንዴቴ በሽታ ነው፣ ምን ላድርግ» ማለት ከጀመርሽ ልጅቷን የሚጠብቃት የለም። የሌለሽ አቅም አንድ ነው፤ የማታ መሐላ ጠዋትን አያዝም። ያን እመኚ። አፍሽ ላይ ግን አቅም አለሽ። ጅምላ ሻጩ ሱቅ ቢመጣ ድንጋይ ራስ አትዪውም አይደል?

ሌላው፣ ጠጪ ከመጠጥ ፈጽሞ ይርቃል። አንቺ ከልጅሽም ከንዴትም ልትርቂ አትችዪም። ግብሽ አለመናደድ አይሁን፤ አለመሳደብ ይሁን። ተናደጂ፣ ተቆጪም፤ «ተናድጃለሁ፣ ጫማሽን አሁን ፈልጊ» ማለት ጤነኛ ንግግር ነው። ያጠርነው ስድቡን ነው።

ዱዓሽንም አትተይ። ማኅበሩ ራሱ ከሰው በላይ በሆነ ኃይል መደገፍን ከመጀመሪያው አንስቶ ይዞታል። ግን ባቲ ገበያ የሚወርድ ባለ ግመል እንደሚያውቀው፣ ግመሏን አስሮ ነው ለአላህ የሚተዉት። ጫማው በር ሥር፣ ከዚያ ዱዓ።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይሄን አንብቦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው «እኔም ከነገ ጀምሮ ጭራሽ» እንዳይል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ወይም መቃዠት ሊነሳበት ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ሐኪም ጋ ሄዶ፣ በክትትል ነው የሚቆመው።

ወዳንቺ ልመለስ። ያልጻፍሽውን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ላይ ሲያልፍ የት ነበርሽ? ያን ዘመን ያሳለፈ ብዙ ሰው ዛሬም በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። ለምን እንደሆነ ግን አያገናኘውም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ከራቀሽ፣ የምትወጂው ነገር ካላስደሰተሽ፣ እጅሽ ልጆቹ ላይ መነሳት ከጀመረ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ደብተሩም ወንድምሽም አይበቁም። በፊት ደሴ ሪፈራል ይባል በነበረው በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያን ዕለት ለወንድምሽ ነግረሽው ይዞሽ ይሂድ። ጩኸቱ ያኔ የሌላ ሕመም ምልክት ነው፤ ሕክምናም አለው።

ይሄ ሁሉ ከሌለ በነገው ጠዋት ጀምሪ። ነገ ብቻ። ዛሬ ማታ ጫማውን፣ ነገ ጠዋት ግማሽ ዳቦውን። ከወር በኋላ ጻፊልኝ። ስንት ቀን እንዳልጮህሽ አትቁጠሪልኝ፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ንገሪኝ።

ደብተሩንም ከዱቤው ደብተር ለይተሽ ያዢው። ሁለት ኪሎ ስኳሩን ሊከፍል የመጣ ሰው ስሙ እስኪገኝ አብሮሽ ያገላብጣል። ያንቺን ማክሰኞ ጠዋት ማንበብ የለበትም።